የኮማንደር ታቢታ መርዶ

ሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ ፋርማሲው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ባንኮኒው ጀርባ ተደብቄ ታሪኬን ጨረስኩ። እሰይ! ለመጽሐፋችን አሥራ ሁለተኛው መሆኑ ነው። የቀረው የጋሽ ደምሴ የመጨረሻው ብቻ።

ኮማንደር ታቢታን ገደልኳት። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ደምሴ የፈጠሯት ናት... ግን እኔ፣ እሳቸውና ኢዮስያስ ሦስታችንም የምንጽፈው ስለ አንድ ዓለም ነው፤ አንዱ በፈጠረው ሰው ሌላውም ይጽፋል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የሀዋሳ ሰው ሐይቁን ከነዓሣው፣ ከነአባ ኮዳ ወፎቹ መርከብ ላይ ጭኖ ወደ ሌላ ኮከብ ይጓዛል። ታቢታ የመርከቧን ቀዳዳ ስትደፍን በሩ ተዘግቶባት ብቻዋን ሞተች። እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። ለጋሽ ደምሴና ለኢዮስያስ በቴሌግራም ላክሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ጋሽ ደምሴ ከግሩፓችን ወጡ። አንድ ቃል ሳይጽፉ! ስልክም አያነሱም። ምን አጠፋሁ?

ሐሙስ፣ ጥር 22

ከሥራ ስወጣ ፒያሳ፣ ኢዮስያስ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። እናቱ እትዬ ደስታነሽ ተቀምጠዋል። የጋሽ ደምሴ የድሮ ጎረቤት ናቸው። ታሪኩን አንብቦላቸው ኖሮ ገና ሲያዩኝ፦

"አንቺ ልጅ፣ መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?"

"እትዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው..."

"ላንቺ!"

ከዚያ ነገሩኝ። ታቢታ ማለት የጋሽ ደምሴ ሟች ባለቤት ዕፀገነት ናት። ቁጣዋ፣ ቀልዷ፣ አነጋገሯ ሳይቀር። በኮሮና ጊዜ ሁለቱም ታመው ሆስፒታል የተለያየ ክፍል ተኙ፤ እሳቸው ሊያዩዋት ቢጠይቁ ተከለከሉ። እሷ ሞታ ተቀበረች። ለእሳቸው ከሳምንት በኋላ በስልክ ተነገራቸው። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ...

እኔ ደግሞ ደገምኩት። ያውም በስልክ! አፈር በበላሁ። መጽሐፉ ገደል ይግባ፣ እኔ የምፈልገው ጋሼን ነው።

"እንግዲያው እንደ ወጉ እናርዳቸው" አሉ እትዬ ደስታነሽ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ማለዳ ሄድን። እትዬ ደስታነሽ ከፊት፣ እኔና ኢዮስያስ ንፍሮ ይዘን ከኋላ። ጋሽ ደምሴ በሩን ከፈቱ። ነጠላ አዘቅዝቀን ሲያዩን ወንበር ሳቡልን።

"ደምሴ፣ ታቢታ አርፋለች። ጌታ ያጽናናህ።"

ኢዮስያስ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ። እኔም ፈራሁ... ቢያባርሩንስ? እሳቸው ግን አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ ለረጅም ጊዜ። ኢዮስያስም ሳቁን ረስቶ አብሮ አለቀሰ።

ንፍሮው ቀረበ። ጋሼ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሩታዬ... ስትሞት ብቻዋን ነበረች?"

ልዋሽ አሰብኩ። አልቻልኩም።

"አዎ ጋሼ።"

"እንደኔዋ" አሉ።

እጃቸውን ያዝኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አብረናቸው ተቀመጥን፤ ስለ ዕፀገነት ሲያወሩ አረፈዱ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጋሽ ደምሴ ፋርማሲ መጡ! ፊታቸው በራ ብሏል። በእጅ የተጻፈ ሰባት ገጽ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው "የመጨረሻው ነው" ብለውኝ ሄዱ። ደንበኛ እያስጠበቅሁ እዚያው ቆሜ አነበብኩት።

የመርከቧ በር ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሽማግሌ መምህር ሾልኮ ይገባል። ታቢታ ታፈጥበታለች።

"ማን አስገባህ?"

"ማንም። ያኔ ከልክለውኝ ነበር፤ አሁን ሳልጠይቃቸው መጣሁ።"

"ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ተቀመጥ እንጂ!"