ከረሜላው ያለቀበት

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አንድም ተማሪ ዝር አላለም። ፎቶኮፒ ቤቱን በጊዜ ዘግቼ ወደ ሳምሶን ሱቅ... እንደ ሁልጊዜው።

ነገ ወናጎ ሠርግ አለበት። የሚያከራያቸውን ስፒከሮች አንድ በአንድ እያወጣ ይሞክር ነበር። ገና ከመግባቴ ስሜን ጠርቶ ማይኩን ሰጠኝ። "የትም፣ ያዝ! ሀሎ በል እስቲ።" ሲቸኩል ወንድ ያደርገኛል፤ ለምጄዋለሁ። ሀሎ አላልኩም። በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁት። "ጣት እኮ አይዘፍንም" አለና ሳቀ። ለምን ማይክ ላይ እንደማልናገር ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ደግ ልጅ ነው።

ኋላ ሩቂያ ከነጭቃ ጫማዋ መጣች። ኮምቦልቻ ተወልዳ እዚህ ስታትስቲክስ የምታስተምር ሴት የዲላን ጭቃ መቼ ትለምደው ይሆን? ሦስታችንም ስንሟላ በሩን ገርበብ አድርገን "ሳቂታዋ ያለችበትን" ከፈትን። ነጭ ሽንኩርት የሚባለው የሮክ ባንድ የሐዋሳ ኮንሰርት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዘፈን መሃል አንዲት ሴት ከቀጂው አጠገብ ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት ማንም አያውቅም። ስንት ጊዜ ሰማነው? ዛሬም አብረናት ሳቅን።

አልበማቸውን ሦስታችንም ገዝተናል። ግን አልበሙ ላይ ሳቂታዋ የለችም። ወንበር የሚሰብር የለም። መብራት ጠፍቶ ከበሮ መቺው በጨለማ ብቻውን የሚቀጥልበት ቦታ የለም። እኛ የምንሰበስበው ታዳሚ በስልኩ የቀዳውን ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ በቴሌግራም ይመጣል፣ በፍላሽ ይዞራል። መሸጥ ነውር ነው። የተቀበለ ይሰጣል፣ በቃ። ቅጂው ስሙን የሚያገኘው ከጉድለቱ ነው... "መብራት የጠፋበት"፣ "ወንበር የተሰበረበት"።

እማዬ የባንዱን ስም ስትሰማ "ሌላ ስም አጥተው ነው?" ነበር ያለችው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

የመመረቂያ ጽሑፍ ስጠርዝ ዋልኩ። በጆሮዬ "መብራት የጠፋበት"። ከንፈሬ ብቻ እየዘፈነ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ሩቂያ ከቁርስ በፊት ደወለች። "የትምዬ፣ ተቀመጪ መጀመሪያ።" ነጭ ሽንኩርት ሊበተን ነው። ከበሮ መቺው ባንክ ተቀጥሮ ጅግጅጋ ሊሄድ ነው አሉ። ለሮክ እንዲህ ያለ ሞት አለ? የመጨረሻው ኮንሰርት ኅዳር 7፣ ሐዋሳ፣ ከሰዓት በኋላ።

ሦስታችንም መጀመሪያ ያሰብነው አንድ ነገር ነው... "ኮፈኑ ተከፍቷል"። አልበሙ ላይ የሌለ ዘፈን። አውቶቡስ መንገድ ላይ ይበላሻል፣ ሾፌሩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል። "ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ውረዱ እንተዋወቅ" ይላል አዝማቹ። ሙሉውን ያገኘ ሰው የለም። አንዱ ጋ መብራት ሄደ። አንዱ ጋ ስልኩ ሞላ። የአዳማው ደግሞ... ቀጂው ራሱ መቅዳቱን ረስቶ ሲያጓራ ይሰማል፣ ከዚያ "ና ውጣ!" የሚል ጠባቂ፣ ከዚያ ዝም። ሩቂያ ስሙን "የአዳማው በሬ" አለችው። ስንቴ ረገምነው!

ሳምሶን የዚያን ቀን ሠርግ ስላለበት አይችልም። እኔና ሩቂያ እንሄዳለን። ቀጂዋ እሷ ናት፤ ለጥናቷ አሪቻ ገጠር እየሄደች የቡና ገበሬ የምታናግርበት ጥሩ መቅረጫ አላት። እኔ እጄም አፌም ነፃ ነው።

አፌም... እዚህ ብጽፈው ማን ያየኛል? መዝፈን እፈልጋለሁ። ጮክ ብዬ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ለጥምቀት መዝሙር ስናጠና፣ መሪያችን ከሰልፉ አወጣኝና ቀስ ብሎ "አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልክ ነበር፣ ድምፄ ቃና አይዝም። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይም፣ ልደት ላይም ከንፈሬን ብቻ ነው። እነዚህን ቅጂዎች የምወዳቸው ለዚህ ይሆን? ሕዝቡ ቃናውን ስቶ ይጮሃል፣ ማንም ዝም በሉ አይለውም። እዚያ መሃል እኔን ማን ይለየኛል?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ሩቂያ ወደቀች። ክፍል ልትገባ ስትጣደፍ፣ ያው ጭቃ። ቁርጭምጭሚቷ ተሰንጥቋል፣ እስከ ጉልበቷ ጄሶ።

ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ከእግሯ ይልቅ ያናደዳት ኮንሰርቱ ነው። መቅረጫውን ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። "አንቺ ትቀጃለሽ። ደግሞም ዝምተኛ ነሽ፣ ካንቺ የሚሻል ቀጂ የለም።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩላት ማልቀስ አማረኝ። እግሯን አይታ መሰላት። "አይዞሽ፣ ይድናል" አለችኝ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ሳምሶን አሠለጠነኝ። መቅረጫው ቦርሳ ውስጥ አይገባም፣ ይታፈናል። እጅ ላይ አይያዝም፣ ይንኳኳል። ሻርፕ ውስጥ፣ ትከሻ ላይ፣ ከአገጭ ሥር። "ካንቺ አፍ እስከ እሱ አንድ ስንዝር ነው። ብትተነፍሺ ይሰማል። ብትዘፍኚ..." "የአዳማው በሬ" አልኩ። "እህ።"

መላውንም ነገረኝ። ቀጂ ሁሉ ከረሜላ ይጎርሳል። አፍ ሥራ ሲያገኝ አይዘፍንም። ደረቁን ዓይነት ገዝቶ አንድ እፍኝ ሰጠኝ። አንዱ ሲያልቅ ሌላ።

ይሁን። ቢያንስ አያለሁ። ሙሉው "ኮፈኑ" በእኔ እጅ ዲላ ቢገባ ቀላል ነገር ነው?

ኅዳር 7፣ እሑድ

ሐዋሳ። በሩ ሊከፈት ነው። ሰዉ ብዛቱ... ከረሜላው አለ፣ መቅረጫው አለ፣ ልቤ የለም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ተመልሻለሁ። ከየት ልጀምር?

ቦርሳ አይገባም ተባለ። ከረሜላዎቹ ከቦርሳዬ ጋር በር ላይ ቀሩ። አንዱን ብቻ ጎርሼ ነበር። ከዚያ ሴቷ ጠባቂ ስትፈትሸኝ እጇ ሻርፔ ላይ አረፈ። "ይሄ ምንድን ነው?" ከራሷ በላይ መቅዳት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አፌ ላይ የመጣልኝን... "መስማት ይቸግረኛል። ድምፅ የሚያጎላልኝ ነው።"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሴትዮዋ ፊቷ ልውጥ አለ። "ውይ፣ ይቅርታ እህቴ!" ብላ ጮኸችብኝ፣ እንድሰማት። ክንዴን ይዛ፣ ሰዉን በክርኗ እየከፈለች፣ መድረኩ ግርጌ አቆመችኝ። "እዚህ ይሻልሻል!" ሄደች ስል አጠገቤ ቆመች። ቦታዋ እዚያው ኖሯል።

የባስ ጊታሩ ድምፅ ከእግሬ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ገባ። ይህን ስልክ አይቀዳውም፣ ሩቂያዬ፣ ምንም መቅረጫ አይቀዳውም። ሦስት ዘፈን ከረሜላዬን እያገላበጥኩ እንደ ሐውልት ቆምኩ። ጠባቂዋ አሳዘንኳት መሰለኝ ምቱን እንዳይ ፊቴ ላይ ታጨበጭብልኛለች። አፈርኩ፣ ግን ደስ ይላል።

ከዚያ ዘፋኙ ምንም ሳይናገር "ኮፈኑ"ን ጀመረ። አዳራሹ ተነሣ። ከረሜላዬ... የለም። በምላሴ ፈለግሁት፣ አልቋል። ጥርሴን ነከስኩ። የመጀመሪያው አዝማች አለፈ። ሁለተኛው መጣ። ጠባቂዋ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች፣ ማለትም ወደ መቅረጫው። ባለ በሌለ ኃይሏ "ዝፈኚ እንጂ እህቴ! ማንም አይሰማሽም!" አለችኝ።

ዘፈንኩ።

እስከ መጨረሻው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳልቆጥብ። ሲያልቅ አንገቴ ላይ እንባ ነበር፣ ሴትዮዋም እያቀፈችኝ ነበር። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አልሰማሁትም ገና። አልከፍተውም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ከፈትኩት። ኧረ ወዲያ! ጊታሩ እንደ መስታወት የጠራ ነው፣ ባሱ አለ፣ ዘፈኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለ... ከላዩ ላይ እኔ። መሪያችን ያኔ እንዴት ቢታገሠኝ ነው እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ የቆየሁት?

ባትሪው አለቀ ልበላቸው? ማን ያውቃል? ግን ሌላ ኮንሰርት የለም። ይህ ከጠፋ "ኮፈኑ" ለዘላለም ጎደሎ ነው። ከሰጠኋቸው ደግሞ... ሳምሶን ቀስ ብሎ፣ በደግነት፣ ያችኑ ነገር ቢለኝስ? ከሌላ ሰው ባልጠላሁት። ከእነሱ አልችለውም።

ሩቂያ ሁለቴ ደወለች። ወረቀት ነክሷል፣ ማሽኑ ተበላሽቷል አልኳት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሰጠኋቸው።

ሩቂያ ባጃጅ ይዛ መጣች፣ እግሯን የሳምሶን ስፒከር ላይ ሰቀለች። "ከመክፈታችሁ በፊት" ማለት ጀመርኩ። ሳምሶን ከፈተው። እኔ ወደ በሩ ዞሬ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። የይርጋጨፌ ሚኒባስ ሲሞላ፣ ሲወጣ፣ ሌላው ሲተካ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ቀጭ... ቀጭ... የሚል ነገር ይሰማል። "ምንድን ነው እሱ?" አለች ሩቂያ። ከረሜላው ነው፣ ጥርሴን ሲመታ። ሳቁ። "ኮፈኑ" ሲጀምር ቀጭታው ቀረ። ከዚያ ያ ጩኸት፣ "ማንም አይሰማሽም!" ከዚያ እኔ።

ዘፈኑ አለቀ። ሳምሶን መልሶ ከፈተው። ምነው አንዴ አይበቃም? ሁለተኛው ሲያልቅ ዞር አልኩ። ሩቂያ አፏን በእጇ ይዛለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልገባኝም፤ ሁለቱንም ነበር።

"ከቃናው ወጥተሻል" አለ ሳምሶን።

"አውቃለሁ።"

"በጣም ነው የወጣሽው።"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ።"

"ግን ደስ ብሎሻል። ይሰማል።" ኮምፒውተሩን አየና "ኢንተርኔት ላይ ድምፅ የሚለይ ነገር አለ፤ እሞክራለሁ፣ አወጣሻለሁ ምናልባት። ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

እኔ ሳልመልስ ሩቂያ ክራንቿን አነሣችበት። "ሳቂታዋን አውጥተናታል? መብራት የጠፋበት ላይ መብራት አስገብተናል?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "የትምዬ፣ ስንት ዓመት አብረን ስንሰማ አንድ ቀን ድምፅሽን ሳልሰማው..." አልጨረሰችውም።

"ይቆይ" አልኩ። እንዲህ ብዬ አውቃለሁ?

ሳምሶን ስም መጻፊያው ላይ ጣቱን አሳርፎ አሰበ። ከዚያ ጻፈ፦ "ከረሜላው ያለቀበት"።

ከመለያየታችን በፊት የአዳማውን በሬ እንክፈት አልኩ። ከፈቱልኝ። ምስኪን ሰውዬ። ደስ ብሎት ነበር እኮ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ስጠርዝ ስልኬ ጮኸ። ከአርባ ምንጭ፣ የማናውቀው ልጅ፣ ፍሬዘር ይባላል። "ከረሜላው ያለቀበት እናንተ ጋ ነው የሚገኘው አሉኝ። ሌላ ቦታ የተጸዳ አለ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ሴትየዋ ያለችበትን ነው የምፈልገው።"

ላክሁለት። ሴትየዋ እኔ ነኝ አላልኩትም። ሳቂታዋም እንዲህ የሆነ ቦታ ወረቀት እየጠረዘች ይሆናል... ማን ያውቃል?

ማታ ለእማዬ አሰማኋት። "ይህቺ ምን ሆና ነው የምትጮኸው?" አለች። እኔ ነኝ አልኳት። "በይ ድገሚልኝ" አለች።

ጥር 15፣ ዓርብ

የሠርግ ወር። ሳምሶን ላይ ታች ይላል። ፎቶኮፒ ቤቱን ዘግቼ ኬብል ልጠቀልልለት ሄድኩ። ሩቂያ ጄሶዋ ወልቋል፤ በረንዳው ላይ ሻይ ይዛ ታዝዘናለች።

ሳምሶን ከስፒከሮቹ ጀርባ ገብቶ ሽቦ ሲያያይዝ በላያቸው ማይኩን አቀበለኝ። "የትም፣ ያዝ! ሀሎ በል።"

ጣቴን አነሣሁ... አወረድኩት። መንገዱ ላይ ሰው ሞልቷል። ባጃጆች፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ቆሎ የምትሸጠዋ ሴት። እዚህ ሁሉም ይሰማኛል። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና "ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ውረዱ እንተዋወቅ" አልኩ። በሙሉ ድምፄ። ሁለት ጊዜ። አንድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ ሹፌሩ አንገቱን አወጣ። ልጆቹ ሳቁ። ሩቂያ ሻይዋን አስቀመጠች።

ከስፒከሮቹ ጀርባ ሳምሶን "ይሠራል" አለ።