መስመሩ ምንም አላጠፋም

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፤ ፍኖተ ሰላም

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ይኸ ነው፦ ባለቤቴ ጌታሁን በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ስልኩ ይሠራ ነበር።

«ማስተዋልን ጥሪልኝ» እያለ ይለምነኝ ነበር። ልጃችን ባሕር ዳር የመጨረሻ ፈተናዋ ላይ ነበረች። ፈተናዋን ትጨርስ ብዬ «ኔትወርክ የለም» አልሁት። አመነኝ። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ሄደው በማለዳ መርዶዋን ነገሯት። ለእሷም ያንኑ አልኋት።

ዛሬ ምሳዋን ይዤ ቢሮዋ ሄድሁ። ለምትሠራበት የገበሬዎች ማኅበር የኢሜይል ሰርቨር እያቆመች ነው፤ ከቡሬና ከጅጋ የሚላከውን መልእክት ተቀብሎ ወደ ባሕር ዳር የሚያሳልፍ። ለሙከራ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መስመር ገመድ ነቀለችው። ከቡሬ የመጣው መልእክት ቆሞ ጠበቀ። መልሳ ስትሰካው ሄደ።

«አየሽ እማዬ? መንገድ ቢዘጋበትም አይጥለውም፤ ደጋግሞ ይሞክራል።»

«ካንቺ ይልቅ እሱ ትዕግሥት አለው» አልኋት።

ሳቀች። ከዚያ ገመዱን በጣቷ እየነካካች፣ «አባዬ ሲጠራኝ መስመሩ ባይቋረጥ እደርስለት ነበር። ይኸን ሥራ የያዝሁት ለዚያ እኮ ነው።»

ሳህኑን ሰብስቤ ወጣሁ።

ልጄ ይኸን ሁሉ ዓመት የምትጠግነው እኔ የሰበርሁትን ነው። ራት ላይ ሁለት ጊዜ «ማስተዋል» ብዬ ጠራኋት። ሁለቱንም ጊዜ «ጨው አቀብይኝ» አልሁ።

ፊደል በራሴ የተማርሁት ጌታሁን ከሞተ በኋላ ነው። አፌ እምቢ ያለውን እጄ ይጨርሰው። እነዚህ ገጾች የማስተዋል ናቸው። ነገ በማለዳ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ በእጇ እሰጣታለሁ።