ከሐጅ በፊት የቀረ ደጅ

አሰላሙ ዓለይኩም የሆዴ ልጅ፤ አላህ ካለህበት ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አባትህ ለሐጅ ሊነሳ ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሜ የአላህን ቤት አላይም ብሎ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ቤት ለቤት «አፉ በሉኝ» እያለ ይቅርታ ሲጠይቅ ይዞራል። ያ ለደንበኛ «ተሳስቻለሁ» ብሎ የማያውቀው ሰው። ሥጋ ሻጩማ «ሱሪዬን ካሳጠርክብኝ ወዲህ ቁርጭምጭሚቴን ይበርደኛል፤ ግን አፉ ብያለሁ» ብሎ አሳቀን። እኔ ግን ኮራሁበት።

የቀረኸው አንተ ነህ። ከቤት የወጣህ ቀን ተቆጥቶ ስለሸኘህ፣ ስልኩን ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል። ሲደውል ቶሎ አንሳለት። ቃል ሲጠፋው ዝም ብለህ አትጠብቀው፤ ቀድመህ «አባዬ፣ አፉ ብያለሁ» በለው።

አላህ በደህና ያገናኘን፤ አባትህም ቀልሎት ይሂድ።