ኮምፒውተሩ እስኪናገር

ነሐሴ 9፣ ዐርብ፣ ከ/ሰ

ዛሬም እዚያው ላይ ቆመ። አረንጓዴው መስመር ከግማሽ አለፈ፣ ዘገየ፣ ከዚያ ነጭ ሳጥን ብቅ አለ። ቀይ ክብ፣ መሐሉ ላይ የኤክስ ምልክት። ማስታወሻዬ፣ ልብስ ሰፊን ከዚህ ሳጥን ጋር ምን አገናኛት ብትይኝ፣ መልሱ ባሌ ነው።

ሙሉጌታ 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከደ/ማርቆስ ተመድቦ ወረታ የመጣ ጊዜ የአንበሳ ዓይን ነበረው። አሁን ከዳር ከዳር እየጨለመበት ነው። የጎንደሩ ሐኪም ግላኮማ ነው አለው። የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ያቆያል። ት/ቤት ማንም አያውቅም። መጽሐፉን በቃሉ ይዞ ነው ዓመቱን የገፋው። ሰኔ ላይ ሰሌዳው ላይ በጻፈው ላይ ደግሞ ሲጽፍ ተማሪዎች ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ምሳውን አልበላም።

ልጃችን ሰናይት አ.አ. ናት። አምና አሮጌ ኮምፒውተሯን ላከችልን። አሁን ደግሞ በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው ሲዲ ላከች፤ የተጻፈ ነገር በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ለዓይነ ስውራን የተሠራ። ዓይነ ስውር የምትለዋን ቃል እሱ ፊት አልጠራትም።

ችግሩ፣ ሳጥኑ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን አላውቅም። እሱ ቋንቋውን እንጂ ፊደሉን አያይም። ስለዚህ እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይገጣጥማል። ኢ፣ አር፣ አር፣ ኦ፣ አር። ስሕተት ነው የሚለው አለኝ። ያንንስ ቀዩን አይቼ አውቄዋለሁ። ቀጥይ አለ፣ ቀጠልኩ። ጉሮሮዬ ደረቀ። ሲጨረስ ትርጉሙ፦ ሲዲው ላይ ያለ አንድ ፋይል አልነበብ ብሎኛል።

"እሱም አላይም ይላል" አለ ሙሉጌታ።

ቀልድ ይሁን ምሬት አልለየሁም። መብራት ሄደ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ሲዲው ተጭሯል። ወደ ብርሃን አዘንብዬ ሳየው ድመት የቧጨረው ይመስላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰሎሞን ዘንድ ወሰድኩት። የእሱ ማሽን እያማጠ አነበበውና በአዲስ ሲዲ ገለበጠልኝ። ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ።

አዲስ ሳጥን። ይሄኛው ቢጫ ነው። ጠራሁ፣ ገጣጠመ። ቦታ የለም ይላል፤ የኮምፒውተሩ ሆድ ሞልቷል። ምን ሞላው ብዬ ብፈልግ የሰናይት ሠርግ ቪዲዮ ነው። ከሙሽራው ቤት እስከ መልሱ፣ አንድም ሳይቆረጥ።

አጥፊው አለ ሙሉጌታ። እጄ እምቢ አለኝ። ሰሎሞን በዲቪዲ ይገልብጥልንና ከዚያ ይጥፋ አልኩት። እሺ፣ ግን ከመጥፋቱ በፊት አንዴ ክፈቺልኝ አለ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ከፈትኩለት። ድምፅ የለውም፤ ቪዲዮ ቀራጩ አበላሽቶት ይሆናል። ወንበሩን ስቦ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። የሚያየው በጠባብ ቀዳዳ ነው፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል። እኔ ከጎኑ ቆሜ እመራለሁ። ሙሽሪት በግራ። አጎቴ አባ መዝገቡ ከበሩ አጠገብ።

"አንቺስ?"

ወደ ቀኝ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር አልኩት። ፈለገ፣ ፈለገ፣ አገኘኝ። እስክስታ እወርዳለሁ፣ ፊቴ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ብዙ ቆየ። ከበሮውም ዘፈኑም የለም፣ ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮው ላይ።

ከዚያ በቃ አለ። ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልዬ በባጃጅ ሰሎሞን ዘንድ አደረስኩ።

ነሐሴ 16፣ ዐርብ

ሠርጉ በዲቪዲ ተገልብጦ ጠፋ፣ ቦታ ተገኘ። መስመሩ እስከ ጫፍ ሄደ! አጥፍተሽ አብሪ አለ፣ አጥፍቼ አበራሁ። ሙሉጌታ ጃኬቱን ለብሶ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተቀምጧል። ጆሮው ዘንበል ብሏል።

ምንም። ጭጭ።

ስፒከሩን ቴፑ ላይ ሰክቼ ሞከርኩ፣ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ላይ መልሼ ሰካሁ፣ ጭጭ። እሱ እየጠበቀ ነው። እንደዚያ ሆኖ ሲጠብቅ ማየት አልቻልኩም፣ ዝም ብዬ ቁልፎቹን እደበድባለሁ። በመጨረሻ ተይው አለ። ሲነሳ ጭኑ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አረፈ፣ የለካሁት የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ሁሉ መሬት ወረደ።

ያኔ አፌ አመለጠኝ። ፕሮግራሙ ቢናገርም ባይናገርም አንተ ለር/መ/ሩ ንገር አልኩት። እስከ መቼ ተደብቀህ ትዘልቀዋለህ አልኩት።

"ዕቃ ግምጃ ቤት አስገብተው ቁልፍ ሊያስይዙኝ?" አለ። "ሰው ሲመጣ ጠመኔ ልቆጥርለት?"

ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ጨርቄን ለቀምኩ። አልተከተልኩትም። አሁን ይህን ስጽፍ ጓሮ ከዛፉ ሥር ቆሟል፣ በመስኮት አየዋለሁ። ተናድጃለሁ። ደግሞም አሳዘነኝ። የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

አንነጋገርም። ውኃ፣ እራት፣ ጠብታው የት አለ፤ ይህን ብቻ።

ሰሎሞን ስፌት ቤቴ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ነገርኩት። ወደ ቤት ወሰድኩት። ከፋፈተ፣ ነካካ። ለካ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩ ነው ድምፅ የሌለው። ሰናይት ልትልከው ስትል ከሠርጉ ቪዲዮ በቀር ሁሉን ደምስሳ እንደ አዲስ አስጭናዋለች፤ ያኔ ድምፁን የሚያሠራው ክፍል ቀርቷል። ድራይቨር ይሉታል። የሠርጉም ቪዲዮ ዲዳ የሆነው በዚሁ ነው። ቀራጩን በከንቱ ሳማው ሰነበትኩ።

ድራይቨሩ ከኢንተርኔት ይወርዳል። የሰሎሞን መስመር ግን አይችለውም፣ ጀምሮ ይሞታል። ባ/ዳር ሂጂ አለኝ፣ የኮምፒውተሩን ዓይነት በወረቀት ጽፎ ፍላሽ ሰጠኝ።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ክር ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። ሚኒባሱ በፎገራ ሜዳ መሐል ሲሄድ ግራና ቀኙ ውኃ፣ ከውኃው ላይ የሩዙ አረንጓዴ። ከብቶቹ ጉብታ ጉብታ ላይ ተሰብስበዋል። ልጅ ሳለሁ ይፋግ ስንኖር ይህ ሜዳ በክረምት የማይደረስበት ይመስለኝ ነበር።

ኢንተርኔት ቤቱ ሞቃት ነው። ልጅቷ ወረቀቱን አይታ ሁለት ዓይነት ይመጣል፣ የቱ ይሁን አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፤ ሁለቱንም አልኩ። እስኪወርድ ተቀምጬ አሰብኩ። ሙሉጌታን ምን አስፈራው? ጨለማው አይመስለኝም። ጨለማውንስ በጠብታ ለምዶታል። የፈራው መምህር ተብሎ መጠራቱ እንዳይቀር ነው። እኔም ስሙን ከጠራሁበት ዘመን መምህር ብዬ የጠራሁበት ይበልጣል።

ክሩንም ገዛሁ፣ እንዳልዋሽ።

ነሐሴ 23፣ ዐርብ፣ ጠዋት

አንደኛው ድራይቨር ለዚህ አልተሠራም ብሎ መለሰኝ፤ ይህ ሳጥን እንኳ ያለ ሙሉጌታ ገባኝ፣ ከኢ፣ አር፣ አር ጀምሬ ለምጄዋለሁ። ሁለተኛው ገባ። አጠፋሁ፣ አበራሁ።

ተናገረ።

ማስታወሻዬ፣ ድምፁ የሰው አይደለም። አፍንጫውን የያዘ ፈረንጅ ይመስላል። ግን ተናገረ። ሙሉጌታ ጓሮ ፊቱን ሲታጠብ ነበር፣ ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ። ከአጠገቡ አጎቴ አባ መዝገቡ፤ ከቁሐር ሚካኤል ገና መድረሳቸው ነው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ሙሉጌታን ጣራ ገዳም ጠበል ሊወስዱት ነው የመጡት።

"ምንድን ነው የሚለው?" አሉ አባ።

"እንግሊዝኛ ነው፣ አባ። የተጻፈውን ያነብለታል" አልኳቸው።

"የኛን አያውቅም?"

"አያውቅም።"

አሰቡበት። "እንግዲያ የኛን አንቺ ታነቢለታለሽ። ለፈረንጁ ፈረንጅ አገኘ።"

ሙሉጌታ መጥቶ ተቀመጠ፣ በእጁ ዳሶ ስፒከሩን አገኘና መዳፉን ጫነበት፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ። ከዚያ፣ ከተጣላን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስሜ ጠራኝ። ክሩ ከባ/ዳር መጣ ወይ አለኝ። አውቆ ነበር።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ደስታው ሁለት ቀን አልሞላም። ፕሮግራሙ የሚያነበው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ወረቀት ነው። ይህን ከጅምሩ ማናችንም አላሰብነውም። ትናንት ሙሉጌታ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲዳስሰው ዋለ።

ዛሬ እኔ ጻፍኩ። ምን ላድርግ? ፊደሉን አውቃለሁ። አንዱን ጣቴን ከአንዱ እያስከተልኩ፣ የማላውቀውን ቋንቋ እንደ ጥልፍ እየቆጠርኩ። ሲመሽ አንድ ገጽ ሞላ። ድምፁ አነበበ፣ ሙሉጌታ ያዳምጣል። መሐል ላይ ሳቅ ያዘው። ወገቡን ይዞ ሳቀ።

"ፍየሉ ሐይቁን ተሻገረ ብለሻል" አለኝ።

ለካ ጀልባው ነው። ፍየልና ጀልባ በእንግሊዝኛ በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ሁለቱ ፊደሎች ደግሞ ቁልፉ ላይ ጎረቤት ናቸው። እኔም ሳቅሁ፣ እንባ እስኪወጣኝ። ከዚያ ፊደሏን አስተካከልኩ። እኔን እንደ ተማሪ አስደግሞ አስጠናኝ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማሁበትም።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ከአባ ጋር ጣራ ገዳም ወጣን፣ ተጠመቀ። ዓይኑ ያው ነው። አባም ይበራል ብለው ቃል አልገቡለትም፤ ልብህን ያበርታው ብቻ አሉት። ቁልቁል ስንመለስ ክንዴን ያዘ። ሰው ባለበት መንገድ ክንዴን ይዞ አያውቅም። የሚያውቁን ሰዎች ሰላም አሉን፣ አልለቀቀኝም። ከታች ሜዳው ሁሉ ውኃና ብርሃን ነበር። ነገርኩት። የትኛው ውኃ የትኛው ሰማይ እንደሆነ አይለይም አልኩት።

ጥቂት ሄዶ፣ "ለር/መ/ሩ እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው። አንቺ ከውጭ ትጠብቂኛለሽ" አለ።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ተናገረ። እኔ ከር/መ/ሩ ቢሮ ውጭ አግዳሚው ላይ። ብዙ ቆዩ። ሲወጣ ፊቱ ገርጥቷል።

እንደነገረኝ፦ ር/መ/ሩ መጀመሪያ ደነገጠ። ለወረዳ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው፣ ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ ከሥራው አንሣው ቢሉኝ ምንም ማድረግ አልችልም አለ። ሙሉጌታ ስለ ኮምፒውተሩ አስረዳው፤ ት/ቱን ቤት ሰምቼ አዘጋጃለሁ፣ ሰሌዳው ላይ ተማሪ ይጽፋል አለው። መልሱ እስኪመጣ አንድ ክፍል ይዘህ ቀጥል ተባለ። ፈተና ሌላ መምህር ያርማል።

አንድ ክፍል ብቻ። አምና አራት ነበረው። ከፋህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ አለ። እውነቱን ስለነገረኝ ደስ አለኝ።

መስከረም 12፣ ሰኞ፣ ከ/ሰ

ዛሬ ገባ። እስከ ት/ቤቱ በር አደረስኩት፣ ከዚያ ወዲያ ብቻዬን አለ። ስፌት ቤት ዋልኩ፣ አንድ ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ፣ ፈታሁት።

አሁን መጣ። ጃኬቱ ጠመኔ በጠመኔ። ምን አልካቸው ብዬ አላስቀምጥ አልኩት። ዓይኔ እንደበፊቱ አያይም ብሎ ነግሯቸዋል። ሊስቁ ይሆን ብሎ ጠበቀ፣ አልሳቁም። ከዚያ እንዲህ አላቸው፦

"ከዛሬ ጀምሮ እጅ አታውጡ። ስማችሁን ጥሩ።"

መጀመሪያ ማንም አልደፈረም። ቆይቶ ከኋላ አንዲት ልጅ ስሟን ጠራች። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም ባንዴ፣ ከጎን ያለው ክፍል መምህር ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪመጣ። ይህን ሲነግረኝ ጠመኔውን ከጃኬቱ ያራግፋል። የወረዳው መልስ አልመጣም። ምን እንደሚሉ አናውቅም።

ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ እየሳበ ነው። ምዕራፍ ሁለት ለነገ ያስፈልገኛል ይላል፤ እኔ ደግሞ ገና አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ዩኒፎርሞቹ ይደሩ። ማስታወሻዬ፣ እየጠራኝ ነው፣ ልነሳ።