የበረኛው ክታብ

ጥቅምት 4

ዛሬም ተሸነፍን። ሦስት ለባዶ። ሬዲዮኑ ከሰዓት ሙሉ ሲንሿሿ ውሎ ውጤቱን ሲናገር ድምፁ ጥርት አለ። ለመርዶ ሲሆን መቼም ይጠራል።

ፀጉር ቤቴ ሞልቶ ነበር። የጎንደር አራዳ ሰው ፀጉሩን መቆረጥ የሚያምረው ብሔራዊ ቡድኑ የሚጫወት ቀን ነው። የጭነት ማኪና ነጂው በላቸው ግማሽ ራሱ ተቆርጦ፣ ግማሹ እንደ ጎፈረ፣ ተነስቶ ሬዲዮኑን ሊመታ ደረሰ።

"አያ አላምረው፣ ዝጋው! እነዚህ የአዲስ አበባ ልጆች ያዋርዱን?"

"ባለፈው ልጆቻችን ስትል አልነበር?"

"ያን ጊዜማ አሸንፈው ነዋ!"

ተሳቀ። ሲያሸንፉ የሁላችን፣ ሲሸነፉ የማንም... እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሬዲዮው እንደሚለው ከሆነ አሥሩም ኳስ ወዳለበት ይሮጣሉ። ተከላካዩ ጎል ሊያገባ ሄዶ ቤቱን ክፍት ይተዋል። በጎረምሳነቴ አዘዞ ላይ የጣሊያኖቹን ፀጉር እየቆረጥሁ ጨዋታቸውን አይ ነበር። የሚሮጠው ኳሱ ነው፤ ሰዎቹ ቦታቸውን ያውቃሉ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ይህን ለማወቅ ግን ዓይን ይበቃል።

ጥቅምት 9

ጋዜጣው ደረሰ። ስለ ጨዋታው የተጻፈው ሁለት መስመር። "ቡድናችን በጀግንነት ተጫውቶ በጠባብ ውጤት ተሸነፈ።" ሦስት ለባዶ ጠባብ ከሆነ ሰፊው ስንት ነው?

ከሥሩ የጠፋች በቅሎ ማስታወቂያ አለ። ቀለሟ፣ የጆሮዋ ምልክት፣ ጠባይዋ ሳይቀር ተጽፏል። ከቡድኑ ግን የአንድ ልጅ ስም እንኳ የለም። የማላውቀውን ሰው እንዴት ልደግፍ? በቅሎዋን ባገኛት አውቃታለሁ።

ተቀምጬ ለአዘጋጁ ጻፍሁ። ተከላካዮች ቦታቸውን ይጠብቁ ብላችሁ ንገሩልን አልሁ። ከዚያም፦ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሰው ላኩ፤ ልጆቹ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ የት እንዳደጉ፣ ምን እንደሚችሉ ጻፉልን፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ቢሸነፉም የኔ ናቸው ይላል። መጨረሻ ላይ "ካልሆነም ከበቅሎዋ እኩል ቦታ ስጧቸው" ብዬ ጨመርሁበት። ይስቁ ይሆን?

ኅዳር 2

ቢያዝን ተጠራ! የእህቴ የእንኳየሁ ልጅ፣ የአዘዞው በረኛ፣ ለብሔራዊ ቡድን! ሁለተኛ በረኛ ነው ብለዋል... ይሁን።

እነ እንኳየሁ ቤት ሄድሁ። እልል ስትል ቆይታ አለቀሰች። ባሏ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ግን ከመጽሐፉ ቀና አላለም። ልጁ ዜማውን እንዲወርስለት ነበር የሚሻው። መጽሐፉን አጥፎ እንዲህ አለኝ፦

"ኳስ ያስጀመርኸው አንተ ነህ፣ አላምረው። ቢከፋው የምጠይቅ አንተን ነው።"

"ቢደላውስ መሪጌታ?"

"ያን ጊዜም የምመርቅ አንተን ነው።"

ሳቀ። መሪጌታ ሲስቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ? በጣት የሚቆጠር ነው።

ኅዳር 8

ቢያዝንን ሸኘነው። ከመሄዱ በፊት ሜዳ ወርደን ጥቂት ኳስ መታሁለት። ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ቋሚዎች በእጁ ነካ ነካ ያደርጋል፤ በየመሀሉም ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይዳስሳቸዋል። እኔ ነኝ ያስለመድሁት። በረኛ ጀርባው ላይ ዓይን የለውም። ቋሚው የት እንዳለ እጁ ካላወቀ እሱ የት እንደቆመ አያውቅም።

"አያ፣ ካሸነፍን ምን ትለኛለህ?"

"ኳሱ በጆሮው ተመለሰ እላለሁ። ያን የሚያህል ጆሮ ይዘህ።"

"ከተሸነፍንስ?"

"ያው በጆሮው ገባ እላለሁ።"

እየሳቀ አውቶቡስ ላይ ወጣ። እንኳየሁ የቋጠረችለትን በሶ በመስኮት አቀበልሁት። ከሁላችን በላይ የፈራሁ እኔ ነኝ... ለማን ይነገራል?

ኅዳር 20

አይታመንም። ጋዜጣው ሰው ላከ! አቶ ሐብተ ማርያም ይባላል። ክራቫት ያሰረ፣ ሸጋ ጎልማሳ፤ አቧራችን ግን አልተስማማውም፣ ቶሎ ቶሎ ጫማውን ያያል። "የበቅሎዋ ሰውዬ አንተ ነህ?" አለኝ።

በነፃ አስተካከልሁት። ስለ ቢያዝን አወራሁለት... አነሳሱን፣ ቦታ አያያዙን፣ ኳሱ ሳይመታ የመቺውን እግር እንዴት እንደሚያነብ። ይጽፋል። እየጻፈ ያዛጋል። እነ በላቸው ተቀምጠው ያዩኛል። እኔ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ሰው ሲያዛጋ አልወድም።

"ቋሚዎቹን የሚነካው ለምንድን ነው?" አለኝ።

ምን ነበረበት እውነቱን ብነግረው? ጎንበስ ብዬ በጆሮው፦ "ይህን እንዳትጽፍ። አባቱ የጎንደር መሪጌታ ነው። ክታብ ጽፎ ክንዱ ላይ አስሮለታል። ልጁ ቋሚዎቹን ሲነካ የጎሉ አፍ ይቆለፋል።"

በላቸው ከጥግ ተቀበለኝ። "እኔ ምስክር ነኝ! አንድ ጊዜ ስመታ ኳሱ አየር ላይ ቆሞ ዞሮ አየኝ!"

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ። ሐብተ ማርያምም ሳቀ። ማዛጋቱን ተወ። እየሳቀ ይጽፍ ነበር...

ሲወጣ ቀልድ ነው አልሁት? አላልሁትም መሰለኝ። የሳቀ ሰው ቀልድ መሆኑን ያውቃል።

ታኅሣሥ 6

ገጽ ሙሉ! የጎንደር ልጅ ገጽ ሙሉ! ርእሱ "ጎል የማያስገባው ክታብ" ይላል። መሪጌታ በስሙ፣ በደብሩ ተጽፏል። ነገሩን የተናገረው "የቅርብ ዘመድ" ነው ይላል። ስለ ቦታ አያያዙ አንድ ቃል የለም።

ለቤቱ ሰው ጮክ ብዬ አነበብሁት። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የመሪጌታ ስም ጋ ስደርስ ፈጠን ብዬ አለፍሁ... አላወቁብኝም።

ታኅሣሥ 8

እንኳየሁ መጣች። ደንበኛ አለ የለም አላለችም።

"አያ፣ ምን አደረግንህ?"

የደብሩ አለቃ መሪጌታን ጠርተው ጠይቀውታል። ዕድሜውን ሙሉ ዜማ ያስተማረ ሰው፣ ጠንቋይ ነህ ወይ ተብሎ። ነገሩ እስኪጣራ ማኅሌት አይቆምም።

"ቀልድ እኮ ነበር" አልኋት።

"ለማን?"

የቆረጥሁትን ፀጉር ረግጣ ወጣች።

ታኅሣሥ 9

አለቃው ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። የኔ ዋዛ ነው፣ መሪጌታ የለበትም አልሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"አገር ያነበበውን ለኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ይረባል? እዚያው ያስጻፍኸው ላይ አስተባብል።"

ልክ ናቸው። ጻፍሁ። ክታብ የለም፤ ቋሚ የሚነካው ቦታውን ለማወቅ ነው፤ ቀላጁ እኔ ነኝ ብዬ በስሜ ፈረምሁ። ዋዛ የሚመስል ቃል እንዳይገባበት ደጋግሜ አየሁት። እንዲህ ተጨንቄ ጽፌ አላውቅም።

ታኅሣሥ 17

በላቸው ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ካምፕ ድረስ ሄዶ ቢያዝንን አይቶታል። ወሬውን እየቆራረጠ ነው የነገረኝ።

የቡድኑ ልጆች ልብስ ሲቀይር ክንዱን ያዩታል። ክታብ ሲያጡበት ደበቀው ይላሉ። ማዕድ ለይተውታል። አንደኛው በረኛ የሻው ጉልበቱን ሲያመው "ጎንደሬው ቦታዬን ሊወስድ አሰረኝ" ብሎ አሰልጣኙ ፊት አልቅሷል። አሰልጣኙ ደግሞ የተማረ ሰው ነው፤ በክታብ አያምንም። ስለማያምን ቋሚ መንካት ከለከለው። "ይህ ጥንቆላ እኔ ቡድን ውስጥ እንዳይታይ!"

የሚያምኑትም የማያምነውም አንድ ላይ መጡበት። እጁን አሰሩት። እኔ ያስተማርሁትን እጅ...

"ስለ እኔ ምን አለ?"

በላቸው ኮፍያውን በእጁ አዞረ። "ሰላም በልልኝ አለ።"

ውሸታም። ስለዋሸልኝ ፀጉሩን በነፃ ቆረጥሁት።

ታኅሣሥ 27

ማስተባበያዬ ወጣ። አሳጥረው፣ ርእስ ሰጥተው፦ "ምስጢሩ በመውጣቱ የተጨነቁት የበረኛው አጎት ካዱ።"

ካዱ! ይህን ጋዜጣ ነው ስለ ልጆቻችን ጻፉልን ብዬ የለመንሁ? ያ ሁለት መስመር ምን ነበረው? በጀግንነት ተጫውቶ ተሸነፈ... ሸጋ ነበር። ማንንም አይነካም።

አለቃው አንብበው ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

ታኅሣሥ 29

ልደት። ማኅሌቱ ላይ የመሪጌታ ቦታ ክፍት ነበር። ዝማሬው አልቆመም፣ ይዘልቃል። እኔ ግን ክፍቱን ብቻ ስሰማ አነጋሁ።

ጥር 16

ጨዋታው ነበር። ከውጭ አገር ከመጡት እንግዶች ጋር፣ እዚያው አዲስ አበባ። ሰው በራፍ ድረስ ሞላ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ደጋፊ መጥቶ አያውቅም። ቡድኑን ብለው አይደለም፣ ክታቡን ብለው ነው።

እስከ ዕረፍት አንድ ለባዶ መራን። ከዕረፍት በኋላ የሻው ጉልበቱ ከዳው፤ ወጣ። ሬዲዮው፦ "አሁን የክታቡ በረኛ ይገባል!" ቤቱ ጮኸ። "ተቆለፈ! ተቆለፈ!" በላቸው ብቻ አልጮኸም። ወለሉን ያያል።

የመጀመሪያው ጎል በግራ ገባ። "በረኛው ከቦታው ርቆ ነበር" አለ ሬዲዮው። ይርቃላ! በምኑ ይወቀው? ሁለተኛውም በዚያው በኩል። ሦስተኛው ሲገባ ተከላካዮቹ ሁሉ ጎል ሊያገቡ ወደ ፊት ሄደው ነበር፤ ሦስት እንግዶች ብቻውን አገኙት። ስለ ሄዱት ማንም አልተናገረም። እኔ ተናገርሁ፤ "ተከላካዮቹስ?" አልሁ። ማን ይስማኝ?

"ክታቡ ከዳው" አለ አንዱ።

"ምን ይከዳዋል! ሸጦን ነው እንጂ። ለእንግዶቹ ከፈተላቸው።"

ምላጩን አስቀመጥሁ። ውጡልኝ አልኋቸው። የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ...

ጥር 24

አሰናበቱት። ጋዜጣው እንደገና ሁለት መስመር ጻፈ። "በረኛው ቢያዝን ወልደ ዮሐንስ ለቡድኑ መንፈስ ሲባል ተሰናብቷል።" ይኸው፣ ስም ጻፉልን ብዬ አልነበር? ጻፉ።

የካቲት 11

ቢያዝን ከመጣ ሰንብቷል፤ ፀጉር ቤት ብቅ አላለም። በመጨረሻ እኔው ሄድሁ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሳ። ወንበሩን ለቀቀልኝ።

"ደህና ሰነበቱ?"

አንቱ አለኝ። ሲወለድ ጀምሮ አንተ ሲለኝ የኖረ ልጅ... ስድብ ይሻለኝ ነበር። ስለ ጆሮው አንድ ነገር ልል አፌ ድረስ መጣ። ዋጥሁት።

"አጥፍቻለሁ ቢያዝን።"

"የለም፣ እርስዎ ምን አደረጉ? ቀለዱ እንጂ።"

እንኳየሁ ደህና ሰነበትህ ሳትለኝ ውኃ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ወጣሁ።

የካቲት 20

ከትክል ድንጋይ አገር አንድ ገበሬ መጣ። ፀጉር ሊቆረጥ መስሎኝ ጨርቁን ዘረጋሁ።

"የለም ጌታዬ፤ የዚያ የበረኛው ዘመድ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ጅብ በረቴን ለምዶብኛል። ያን መቆለፊያ ለበረቴ ያስጽፉልኝ።"

"የለም እኮ። ውሸት ነው።"

"ምነው? ለኳስ ጽፋችሁ ለላም ትከለክላላችሁ?"

ብምል ብገዘት የማይሰማ ሰው ነው። እያዘነብኝ ሄደ። መሪጌታ ወደ ማኅሌቱ ተመልሷል፣ አለቃው በኋላ ፈቅደውለታል። ግን ደጁን የሚመታው ዜማ ፈላጊ አይደለም፤ እንደዚህ ሰውዬ ያለ ነው። በሩን ዘግቶ ይውላል አለችኝ እንኳየሁ። ይህን የነገረችኝ መንገድ ላይ ተገናኝተን፣ ሳትቆም ነው።

መጋቢት 7

የአዘዞው ቡድን መልሶ ወስዶታል ሲሉኝ ደስ አለኝ። ልይ ብዬ ወረድሁ። ልምምድ ላይ ናቸው። ቢያዝን ጎሉ ውስጥ ቆሟል። ኳሱ ግን ሌላኛው ጎል ጋ ነው። ሁሉም እዚያ ይመታሉ። እሱ ዘንድ የሚመጣ የለም።

"ምነው ለሱ አትመቱለትም?" አልሁ አንዱን።

"አያ፣ እግሬ ቢሽመደመድስ?"

ፊቱን አየሁት። ቀልድ የለበትም።

ምን ሆንሁ አላውቅም። ካፖርቴን አውልቄ ጣልሁ። ኳሱን ቀምቼ ወስጄ ቢያዝን ፊት አስቀመጥሁ። ቢገባ... ሁሉ ሰው እያየ ቢገባ፣ የክታቡ ወሬ ያልቃል ብዬ ነው። ቢያዝን ያየኛል። ልምምዱ ቆመ። ሁሉም ዞሩ።

መታሁ። ጉልበቴ የሽማግሌ ነው፤ ኳሱ እየተንከባለለ ሄደ። ሕፃን ይይዘው ነበር። ቢያዝን እጁን አላነሳም። ኳሱ በአጠገቡ ሲያልፍ አንገቱን ዞር አድርጎ ተከተለው፣ መስመሩን እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ አነሳው፣ አቧራውን ጠረገ፣ መጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

"ይኸው ገባልዎ" አለ።

ጓንት የለው ምን የለው፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወደ ፀዳ በሚወስደው መንገድ ሄደ። ስሙን ጠራሁት፤ አልዞረም።

ከኋላዬ ልጆቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"አጎቱ ስለሆነ መቆለፊያውን ፈታለት።"

ዞር አልሁ። የሚስቅ ፈለግሁ። የሚስቅ አልነበረም።