የሐሙስ ውኃና የማውሱ ግራ ቁልፍ

ሰኞ፣ ጥር 30

ግራው አልሠራም። ቀኙ ይሠራል፣ ግራው ሞቷል። እንዲህ ብለሽ ጻፊው።

የምናገረው እኔ ይመር ነኝ፤ የምትጽፈው ልጄ ሩቂያ ናት። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። የመርሳን ወንዝ በቦይ ጠልፌ ለዚህ ሁሉ ሰው ሳካፍል ያረጀሁ የውኃ አባት ነኝ። ማን በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ሰላት እስከ የትኛው ሰላት እንደሚያጠጣ በጭንቅላቴ ነው የያዝኩት። ዘንድሮ ግን የተናገርኩትን የሚክድ መጣ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምለው ሁሉ ይጻፍ ብያለሁ።

የካደኝ እንድሪስ ነው፤ ድንበርተኛችን። የሐሙስ ውኃ የኔ ነው ይላል። እኔ የዘሀራ ነው እላለሁ። ዘሀራ ባሏ በዚህ ጦርነት ከቤቱ እንደወጣ የቀረባት ሴት ናት፤ ያላት አንድ ማሳ ሽንኩርት ነው። እንድሪስ ሁለት ምስክር አቆመ። እኔ አንድ ምላሴን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ የኛ ሸሆች፣ አንዱ ቄስ፤ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ እስከ ሐሙስ ጠዋት ተራው የተጻፈበት ይቅረብ። ካልቀረበ ውኃው ለእንድሪስ፣ አካፋውም ለሌላ የውኃ አባት።

አካፋዬን! ለሌላ!

ተራው የተጻፈበት ወረቀትማ ነበረ። ከሸሸንበት ስንመለስ ማገዶ ሆኖ ጠበቀን። ግን ሩቂያ መጀመሪያ የጻፈችው በኮምፒዩተር ነው፤ አስፋልቱ ዳር ባለችው ሱቋ ለሰው ማመልከቻ ስትጽፍበት በነበረው። ኮምፒዩተሩን ደግሞ እኔ ነኝ የደበቅኩት። ሰው ቆርቆሮው ሳይቀር ተነቅሎበታል፤ የኔን ማንም አላገኘውም። ትልልቁን ገለባ ውስጥ ቀበርኩ። ማውሷን፣ ያችን ጅራት ያላትን ትንሽ ነገር፣ የጤፉ ጎታ ውስጥ ከተትኩ።

ዛሬ ረፋድ ላይ መብራት መጣ። ጦርነቱ ከገባ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሰፈሩ እልል አለ፣ እኔም እልል አልኩ፤ ወንድ እልል አይልም የሚል ይምጣ። ገመዱን ሰካን፣ የኮምፒዩተሩ መስታወት በራ። አልሀምዱሊላህ። የፊደል መምቻውን ገመድ ግን አይጥ በልታዋለች። «ግድ የለም አባ፣ ለማንበብ ማውሱ ይበቃናል» አለች ሩቂያ።

መስታወቱ ላይ ሁለት ስም ቆሟል፤ አንዱ የሩቂያ፣ አንዱ አብራት ትሠራ የነበረችው ልጅ። ወደ ውስጥ ለመግባት የሩቂያን ስም በግራ ቁልፍ መጫን ነው። ቀስቷ ትሮጣለች፣ ስሟ ላይ ትደርሳለች፣ ትቆማለች። ቁልፉ አይወርድም። በሩ ላይ ቆመን ዋልን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 1

ሩቂያ የሞከረችው፦ ነቅላ ሰካች። በሌላ ቀዳዳ ሰካች። ኮምፒዩተሩን አጥፍታ አበራች። በጨርቅ ወለወለች። ነፋችበት። ገለበጠችና መዳፏ ላይ መታችው። ቀኙን ሞከረች፤ እዚህ በር ላይ ቀኙ ምንም አይፈይድም አለች።

እኔ የሞከርኩት፦ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። «አባ፣ ይሰብሩታል!» ብላ ጮኸች። በዚህ ጣት ስንት ድንጋይ ፈንቅያለሁ፣ አንዲት ቁልፍ አልወርድም አለችኝ።

ወልድያ ላለው ጠጋኝ ደወልን። «ጥለው አዲስ ይግዙ፣ አባቴ» አለኝ። ከየት? መርሳ ውስጥ ያለው ሱቅ ባዶ መደርደሪያ ነው። ከአንተ ዘንድ አለ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔም ተዘርፌአለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሽንኩርት ገለባ ነው።

ከሰዓት ዘሀራ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። «አባ ይመር፣ የሽንኩርቱ ጫፍ ነጣ» አለች። ይህን ብላ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንድሪስም በበራችን አለፈ፣ ሆን ብሎ። «አሰላሙ አለይኩም፣ የውኃ አባት! ዛሬም መስታወት ሲያዩ ዋሉ? መልክዎ እንደሁ ያው ነው!» አለኝ። «ያንተን መልክ ከማይ ይሻላል» አልኩት። ሩቂያ ሳቀች። ሳቀች ብለሽ ጻፊ፤ ከተመለስን ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 2

አገኘሁት! እኔ ነኝ ያገኘሁት! የወልድያው ጠጋኝ ይስማ!

ቀስ ይበሉ አለችኝ፣ እጇ አልደርስ ብሏት። እሺ፣ ቀስ።

ጠዋት ሳስብ፣ ይህ ነገር እርጥበት ገብቶት ይሆናል አልኩ። እርጥበት የገባውን እህል ምን እናደርገዋለን? ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ሩቂያ ሳታይ ማውሷን ወስጄ ሰሌን ላይ አሰጣኋት፣ ጅራቷን ዘርግቼ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ቀይዋ ዶሮ መጣች። እሽ! አልኳት፣ ሄደች። ተመለሰች። ግራው ቁልፍ ጫፍ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ። ቀኙን አትነካም። አባረርኳት፤ ዞራ በዚያው በግራ ጠርዝ መጣች። ሩቂያ ወጥታ ስታይ «ያ አላህ! አባ! ለዶሮ አሰጡት?» ብላ ልትነጥቀኝ መጣች። ዝም በይ አልኳት። ዶሮ ፕላስቲክ አትበላም። ዶሮ እህል ካላየች ምንቃሯን አታደክምም።

አንስቼ ጆሮዬ ላይ ነቀነቅኳት። ሽር አለ። ይህን ድምፅ ሩቂያ አታውቀውም፤ እኔ ከእናቴ ጉያ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጤፍ ነው። ጤፍ ጎታ ውስጥ የከተትኳት እኔ! ለደበቅኩበት ስመሰገን የከረምኩት እኔ! ያነቅኳትም እኔው።

ይህን ልተወው? አለች ሩቂያ። ጻፊው።

ከታች አንዲት ብሎን አለች፣ ወረቀት ተለጥፎባት ተሸፍናለች። መፍቻ የለም። እሾህ የምነቅልባት ወረንጦ አንገቴ ላይ አለች፤ ጫፏን አስገብቼ ቢስሚላህ ብዬ አዞርኩ። አንሸራተተኝ። ደግሜ አዞርኩ። ወለቀች። ክዳኗ ሲነሣ ሆዷ ውስጥ ጤፍ፣ አቧራና እብቅ። አራግፈናት ስንጫን አሁንም ቁልፉ አይወርድም። ሩቂያ ፊቷ ጠቆረ። እኔ ግን ዶሮዋን አመንኩ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁ፤ ዓይኔ ሩቁን ነው የሚያየው፤ «አንቺ እይ፣ በግራው ከንፈር ሥር» አልኳት። «አለ! ሁለት ፍሬ፣ ጎን ለጎን ተጣብቋል» አለች። ወረንጦውን እሷ ወደ ፍሬው መራችው፣ የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። አንዱ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ዶሮዋ በላችው፣ ሐቋ ነው።

ክዳኗን መልሰን ተጫንኩ።

ቀጭ!

ደግሜ፣ ቀጭ! ቀጭ! እንደ ሕፃን ስጫን ቆየሁ፣ ሩቂያ እስክትቀማኝ ድረስ።

ወደ ውስጥ ስንሮጥ መብራት የለም። ክዳኑን ስንፈታ ነው የጠፋው፤ አላወቅንም። እስካሁን፣ እስከ አስር ሰዓት ጠበቅን፣ አልመጣም። ቁልፏ ድናለች፣ በሩ ጨልሟል። ነገ ሐሙስ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 3

ሽማግሌዎቹ ከፈጅር ሰላት በኋላ መጡ። ቄሱም መጡ። እንድሪስ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ውኃው እንደተፈረደለት ሰው። ዘሀራ ከበሩ ውጪ ቆመች። መብራት የለም። የዶሮዋን ነገር አወራኋቸው፤ ሳቁብኝ። «ታዲያ ዶሮዋ ትመስክራ!» አለ እንድሪስ። ቄሱ «ፀሐይ አጥሩን እስክትዘል እንጠብቃለን፣ ከዚያ ወዲያ አይሆንም» አሉ።

ፀሐይ አጥሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ጎረቤት ጮኸ፣ መጣ! መጣ! መስታወቱ በራ። ሁለቱ ስሞች ቆሙ። ሩቂያ ቀስቷን ወሰደች። ቀጭ። ገባን! ግድግዳው እስኪነቃነቅ ነው የጮኽኩት። ፈለገች፣ አገኘች፣ ከፈተች። ቀና ብላ አየችኝና «አባ…» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አወቅኩ። ልጄ አይደለች?

«አንብቢ» አልኳት።

«ሐሙስ» ብላ አነበበች። «ከፈጅር እስከ ዙሁር፣ እንድሪስ። ከዙሁር እስከ መግሪብ፣ የዘሀራ ባለቤት።»

ትዝ አለኝ። ወንዙ የጎደለ ዓመት ሐሙስን ለሁለት የከፈልኩ እኔው ነኝ፤ አፈ ቦዩ ላይ ቆሜ፣ በዚህች ምላሴ። ሽሽቱ፣ ተራራው ላይ ያደርንበት፣ የቀበርናቸው ሰዎች፣ ያ ሁሉ ሲገባ ይቺ ግማሽ ቀን ወጥታ ጠፋች። ረሳሁ። ጻፊው፣ ረሳሁ። ለዘሀራ ስቆም የእንድሪስን ቀምቼ ሰጠሁ።

እንድሪስም አንገቱን ደፋ። እሱ ደግሞ ሙሉውን ነበር የኔ ነው ያለው። ምስክሮቹ ጠዋት ሲያጠጣ ያዩትን ነው የመሰከሩት።

አካፋዬን አንስቼ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አስቀመጥኩ። ማንም እስኪጠይቀኝ አልጠብቅም። ሸሆቹ ተያዩ። ቄሱ አካፋውን አነሡና፣ «በራሱ ላይ አንብቢ የሚል የውኃ አባት ከየት እናምጣ? ያዘው ይመር፣ ወገቤን አታሳምመኝ» ብለው መለሱልኝ። «ተራው ግን በወረቀት ይውጣና በሦስት ቤት ይቀመጥ» አሉ። እሺ አልኩ። በአራት ቤት ይሁን።

ጠዋት እንድሪስ አጠጣ። ከዙሁር በኋላ እኔው ራሴ ቦዩን ወደ ዘሀራ መለስኩት። አፈሩ ሲጠጣ ይሰማል። እሷ ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ከውኃው ጋር ሄደች፣ ልብሷን ሰብስባ። ሽንኩርቱ ይድን አይድን አላህ ያውቃል። መሐሉ ገና አረንጓዴ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 4

ከጁምአ ስንወጣ እንድሪስ አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩትም። ጥፋቱ ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የሱ ነው፤ መጀመሪያ ማን አፍ ይክፈት?

ቤት ገብቼ ሩቂያን ቁልፉን አንዴ ልጫን አልኳት። ስሟ ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። ቀጭ። የሐሙስን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። ማንበብ አልችልም፤ ግን የእንድሪስ ስም የቱ ጋ እንደተቀመጠ አሁን አውቀዋለሁ፤ ከላይ ነው።

ወደ አስር ሰዓት ላይ አጥሩ ጋ ድምፅ ሰማሁ። እንድሪስ ነው፣ አካፋውን ተደግፎ፣ እኔን ሳይሆን ሰሌኑን እያየ።

«አባ ይመር፣ ያች ቀይ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች?» አለኝ።

«ለእርድ ካሰብካት አልሰጥህም» አልኩት።

«ኧረ ለእርድ አይደለም። የኔም ራዲዮ ጤፍ ጎታ ውስጥ ነበር የከረመው፤ ድምፁ አልወጣ ብሎኛል።»

አምጣው አልኩት። ሊያመጣ ሄዷል። ሩቂያ፣ ወረንጦዬን የት አደረግሻት?