የተሰረዘው ሰባተኛ ምዕራፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.፤ ኦክላንድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሻይ፣ መነጽር፣ የትናንቱን ገጽ ማረም። ደጀኔ ከሳን ሆዜ ደወለ። የጃፓናዊውን ጋዜጠኛ ታሪክ ከእንግሊዝኛ ለመመለስ አራት ዓመት ለፍቻለሁ፤ እርሱም በመጽሔቱ ሊያወጣው ተስማምቶ ነበር። «ጋሼ፣ ቻፕተር ሰባትን ካት አድርጌዋለሁ» አለኝ፣ ጥፍሩን እንደ ቆረጠ ሰው። ገጽ ጠበበኝ ይላል። ውሸት። ለሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ ሁለት ገጽ አለው።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ም. 7 የሰውየው ነፍስ ናት። ጋዜጣው ጦርነቱን ሲደግፍ ብዕሩን አስቀምጦ የወጣባት። ያለ እርሷ ምን ይቀራል? ገዥ አያስፈልግም የሚል፣ የባዕድ መጻሕፍት የሚተረጉም፣ ሀገሩ በመጨረሻ የሰቀለችው አንድ ቀጭን ሰው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ቁጣዬ አልበረደም። ደብዳቤ ጻፍኩ። «ሳንሱር» አምስት ቦታ። ደጀኔ በአዲስ አበባው ጋዜጣ አራሚዬ ነበር፤ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ኮምፒውተር ተክሎ አዘጋጅ ነኝ ይላል። ደብዳቤውን ቀደድኩት። ፊት ለፊት ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከሳን ሆዜ መመለሴ ነው። እስከ ፍሪሞንት ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፤ ጉልበቴ አለቀ። ደጀኔ ተቀመጡ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም። ፈሪ አልኩት። ሳቀ። ይህን ቃል ከእርስዎ ስሰማ ሁለተኛዬ ነው አለ።

አስታወስኩ። ወታደሮቹ ሥልጣን የያዙ ሰሞን፣ የባልደረቦቻችንን መታሰር የሚያወድሰውን ርእሰ አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደጀኔ አላርምም ብሎ ቀይ እስክሪብቶውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሰው ሁሉ እየሰማ ፈሪ አልኩት። በሳምንቱ ታሰረ።

«ጋሼ፣ ሰው አይረሳም። ያንን ቻፕተር በእርስዎ ስም ባወጣው መሳቂያ ያደርግዎታል። ፕሮቴክት ላደርግዎት ብዬ ነው።»

ምሕረት። ያውም ከአራሚዬ። ከስድብ ሁሉ ይህ መረረኝ። ደኅና ዋል ሳልለው ወጣሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 11፤ ጠዋት

ደጀኔን ዛሬም አልወደውም። ያ ሳቁ፣ ያ ጉራማይሌው። አንድ የሞተ ጃፓናዊ ብዕሩን እንዴት እንዳስቀመጠ ለመናገር አራት ዓመት ቃል ስመርጥ ከረምኩ። ያንኑ በዓይኔ ፊት ያደረገውን ግን ሰደብኩት፤ ሁለት ጊዜ።

ወስኛለሁ። ም. 7 ይመለስ፤ አለዚያ ሁሉም ይቅር። ከፊቱ የተርጓሚው መቅድም ይግባ። የደጀኔ ስም ከነአባቱ በውስጡ፣ የእኔ ከግርጌው። አራሚውም እርሱ ይሁን፤ በቀይ።

እንዲህ ይጀምራል፦ «ርእሰ አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራሚው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሲወጣ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም።»